ሌበር ዋርድ (ማዋለጃ ክፍል) ላይ ተማሪ የሚይዙ ባልደረቦቼን እንዴት ላሰልጥናቸው? ሐዋሳ ያላችሁም የሌላችሁም እርዱኝ

የሐይቅ ዳሯ ሚድዋይፍ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሐዋሳ ነው የምሰራው፣ ሌበር ዋርድ፣ ሚድዋይፍ ነኝ፣ 8 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ጠርታኝ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተማሪ የሚይዙትን ፕሪሴፕተሮች አንቺ ታሰለጥኛለሽ አለችኝ። 9 ሰው ናቸው። በጀት የለም አዳራሽ የለም፣ ያለኝ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት እና ያው በሺፍት መሀል የምትገኘው ክፍተት ናት። አንድ ማንዋል ፈልጌ አገኘሁ ግን ስከፍተው ግማሹ አዋቂ ሰው እንዴት ይማራል የሚል ንድፈ ሀሳብ ነው፣ እሱን ቁጭ ብዬ ባነብላቸው 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው፣ አውቃቸዋለሁ ደክሟቸው ነው የሚመጡት።

ለምን እንደተጨነቅኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ሶስት እናቶች ባንዴ ፉሊ ሆነውብኝ (የማህፀን በራቸው ሙሉ ተከፍቶ ሊወልዱ ደርሰው) ከአንዷ ወደ አንዷ እየሮጥኩ ነው። አንዲት የ3ኛ ዓመት ተማሪ አብራኝ አለች። ልጁ ወጣ፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን አኮማትሮ ደም መፍሰስ የሚከላከለውን መርፌ) ስጪ አልኳት። ሲሪንጁን ይዛ ቆመች። አምፑሉ በሌላኛው እጇ ነው፣ አልሰበረችውም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ እዛው እናትየው ፊት "ሶስት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነው የቆየሽው" ብዬ ጮህኩባትና ከእጇ ነጥቄ ራሴ ሰጠሁ። እናትየዋም ልጁም ደህና ሆነው ወጡ ተመስገን። ተማሪዋ ግን ከዛች ሌሊት በኋላ የአልጋው ግርጌ ጋ መቆም ጀመረች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች እጇን አጣጥፋ ትቆማለች፣ ሮቴሽኑ (የዋርድ ልምምድ ተራዋ) እስኪያልቅ ድረስ እናት ላይ እጇን አላሳረፈችም። የመጨረሻ ቀን ሎግቡኳን (የሰራችው ስራ የሚፈረምበትን ደብተር) ይዛ መጣች፣ እኔም ፈረምኩላት። ያቺን ፊርማ እስከዛሬ አልረሳኋትም። አሁን የሆነ ጤና ጣቢያ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ሆና ይሆናል ብዬ ሳስብ ውስጤ ይረበሻል።

እኔ ማዋለድ ተምሬያለሁ፣ ማስተማር ግን ማንም አላስተማረኝም። ባልደረቦቼም እንደዛው ናቸው። ጎበዝ ስለሆናችሁ ተማሪ ያዙ ተባልን፣ በቃ እሱ ነው። እና የምጠይቃችሁ፣ ግዜም ገንዘብም ከሌለኝ ከምን ልጀምር? ዋርዱ ሲሟሟቅ ማስተማር የሚባል ነገር ይቻላል ወይ? ደግሞ ካሰለጠንኳቸው በኋላ በእውነት መለወጣቸውን በምን አውቃለሁ? የሞከራችሁት ነገር ካለ ብቻ ንገሩኝ፣ በንድፈ ሀሳቡ ማንዋሉ በቂ ነው።

ብራዘር ከአዳማ

እህቴ እንደምን አለሽ። አዳማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ክሊኒካል ኢንስትራክተር ነኝ፣ ከዛ በፊት ዋርድ ላይ 6 ዓመት ሰርቻለሁ። የጻፍሽውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ ስለዛች ሌሊት አንድ ነገር ልበልሽ። ሲሪንጁን መቀበልሽ ትክክል ነበር፣ ልጅ ወጥቶ ኦክሲቶሲን በ1 ደቂቃ ውስጥ መሰጠት ሲኖርበት ጥያቄና መልስ የለም፣ እናት ትቀድማለች። የጎደለው ከሱ በፊት ያለው 2 ደቂቃ እና ከሱ በኋላ ያለው 5 ደቂቃ ነው። በፊት ማለቴ፣ እናትየዋ ገና ስትገፋ ተማሪዋን ጠርተሽ "ዛሬ መርፌው ያንቺ ነው፣ አሁኑኑ ሳቢና ትሪው ላይ አስቀምጪው፣ ልጁ ሲወጣ ሆዷን ዳብሰሽ ሌላ ልጅ አለመኖሩን አረጋግጪ፣ ከዛ 10 ዩኒት ጭኗ ጡንቻ ላይ፣ እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ" ብትያት እጇ ቢንቀጠቀጥ እንኳ የሚሰራውን ያውቃል። በኋላ ማለቴ ደግሞ ሁሉም ከተረጋጋ፣ ሻይ ክፍል ይዘሻት ገብተሽ ምን ሆነሽ ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙዎቻችን መሀሉን ብቻ ነው የምናውቀው፣ እሱም ጩኸቱን። ስለዚ ለ9ኙ ባልደረቦችሽ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ይሁን፣ ኬዙ ከመምጣቱ በፊት ለተማሪው ስራውን ቆርሶ መስጠት፣ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ማውራት።

ሁለተኛው፣ ከመናገር በፊት መጠየቅ። ዋርድ ላይ የምናደርገው ምንድነው፣ ተማሪው ሂስትሪ (የታካሚዋን ታሪክ) ወስዶ ይመጣል፣ ፕሬዘንት ማድረግ ይጀምራል፣ ገና ሳይጨርስ እኛ ዲያግኖሲሱንም ሕክምናውንም እንዘረግፍለታለን እሱ ይጽፋል። አሰበ ወይ? አናውቅም። በ1992 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ኔኸር የሚባል የቤተሰብ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ዘዴ አለ፣ የአንድ ደቂቃ ፕሪሴፕተር ነው የሚሉት፣ የተሰራው ልክ እንደኛ ግዜ ለሌለው ሰው ነው። በተግባር ላሳይሽ።

ከቦሪቻ ሪፈር ተብላ የመጣች እናት ናት እንበል፣ 34 ሳምንት፣ ከትላንት ጀምሮ ኃይለኛ ራስ ምታት አላት። ተማሪው አይቷት ይመጣል፣ ቢፒዋ (የደም ግፊቷ) 150/100 ነው ይልሻል። አንቺ ምንም ሳትናገሪ "አንተ ምን ይመስልሃል?" ትይዋለሽ። "ፕሪኤክላምፕሲያ ነው ግን ሲቪየር አይደለም" ይላል፣ በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ነው ግን ከባዱ አይደለም ማለቱ ነው። "ሲቪየር አይደለም ያልከው ምን አይተህ ነው?" "160/110 አልደረሰም፣ የሽንት ፕሮቲኗ 2 ፕላስ ነው።" ልብ በይ፣ በዚች ሁለት ጥያቄ ብቻ ምን እንደሚያውቅና የት ጋ እንደሳተ አገኘሽው፣ ቁጥሩን ያውቃል፣ ራስ ምታቱን ግን ከምንም አልቆጠረውም። አሁን አንድ ሕግ ብቻ ታስጨብጪዋለሽ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ካላት ቁጥሩ 160 ባይሞላም እንደ ሲቪየር ነው የምትያዘው። ቀጥለሽ በትክክል የሰራውን በስሙ ጠርተሽ ትነግሪዋለሽ፣ "ማንም ሳያዝህ ሽንቷን መመርመርህ ጥሩ ነው"። ጎበዝ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ካልሰማ ነገ አይደግመውም። በመጨረሻ ስህተቱን፣ "በግራ ጎኗ ተኝታ ከላይ ባለው እጇ ነው የለካሃት፣ እጇ ከልቧ በላይ ሲሆን ቢፒው ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው፣ ና ተቀምጣ እንለካት"። አብራችሁ ትለካላችሁ፣ 165/110 ይመጣል። ያንን ቁጥር ያ ልጅ አይረሳውም።

ማግኒዥየሙን (እንዳያንዘፈዝፋት የሚሰጠውን መድኃኒት) እዛው ላይ አትጨምሪበት። ሜይንተናንስ ዶዝ (ተከታዩ መጠን) ሲደርስ ሌላ ደቂቃ ታገኛለሽ፣ ያኔ ትንፋሽ በደቂቃ 16ና ከዛ በላይ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት (የማግኒዥየሙ ማርከሻ) አጠገብሽ መኖሩን ታስጠሪዋለሽ። በአንድ ግዜ አንድ ነገር። ማስተማር ስንጀምር ሁላችንም የምንሳሳተው የምናውቀውን ሁሉ ባንዴ ለመስጠት ስንል ነው።

ከባዱን ደግሞ ልንገርሽ፣ "ምን ይመስልሃል" ካሉ በኋላ ዝም ማለት። ባልደረቦችሽ ሁለት ሰከንድ ሳይቆዩ ራሳቸው ይመልሱታል፣ እኔም ዓመት ፈጅቶብኛል። ቅዳሜ ላይ ሶስት ሶስት አድርገሽ አስቀምጫቸው፣ አንዱ ተማሪ አንዱ ፕሪሴፕተር ይሁን፣ ሶስተኛው ወረቀት ይዞ ማን ስንት ግዜ እንዳወራ ይቁጠር፣ 5 ደቂቃ ከዛ ቦታ መቀያየር። ንግግርሽ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ከዛ በኋላ እያንዳንዳቸውን ዋርድ ላይ ሲያስተምሩ አንድ ግዜ 10 ደቂቃ ቆመሽ እያቸው፣ በምን አውቃለሁ ላልሽው መልሱ እሱ ነው፣ ፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን አልጋው ዳር።

አራተኛ ዓመቷ

እኔ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ። ስልጠናው ውስጥ የኛም ነገር ይግባ ብዬ ነው የምጽፈው። አብዛኞቻችን ስማችን አይታወቅም፣ ስቱደንት ነው የምንባለው። አንድ ወር ሙሉ አብሬያት የሰራሁ ሲስተር ስሜን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ስምሽን የማያውቅ ሰው ፊት አላውቅም ማለት ይከብዳል፣ ስለዚ አውቃለሁ እንላለን።

ሌላው ቋንቋ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት፣ ከገጠር የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ሲዳምኛ ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያ ሳምንቴ ሂስትሪ ውሰጂ ተብዬ አንዲት እናት ጋ ሄጄ ቆምኩ፣ እሷ ታየኛለች እኔ አያታለሁ፣ እያማጠች ነው። አስታማሚዋ ቢያስተረጉምልኝ ብዬ አማቷን ለመንኩ፣ ከዛ አማቷ ፊት ስለ ፅንስ ማስወረድ ታሪክ እንዴት ይጠየቃል? ባዶውን ጽፌ መጣሁ። ሂስትሪሽ ጎዶሎ ነው ተብዬ ተመለስኩ፣ ለምን እንደጎደለ ግን የጠየቀኝ የለም።

በሚቀጥለው ሮቴሽን የያዘችን ሲስተር ግን የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ከዋርዱ በፊት በረንዳ ላይ ሰብስባ አምስት ጥያቄ በሲዳምኛ አስተማረችን፣ ምጥሽ መቼ ጀመረ፣ ውሃ ፈሷል ወይ፣ ደም አይተሻል ወይ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ስንተኛ ልጅሽ ነው። በአማርኛ ፊደል ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፣ እስካሁን አለ። አነጋገሬ ያስቃቸው ነበር እናቶቹን፣ ግን ይመልሱልኛል። ለሚስጥር ጥያቄው ደግሞ እሷ ራሷ አብራኝ ትገባ ነበር። ካስተማሩኝ ሰዎች ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

ብራዘር እንዳሉት ደግሞ ጠዋት ዛሬ ምን እንደምሰራ የነገረኝ ሰው ካለ ቀኑን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው የምውለው። ካልነገሩኝ ግን ግድግዳ ተደግፌ እውላለሁ፣ ሰነፍ ሆኜ አይደለም፣ ምን መንካት እንደሚፈቀድልኝ ስለማላውቅ ነው።

የቆየሁበት ዋርድ

ሁላችሁም መልካም ትላላችሁ ግን እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ በቅደም ተከተሉ። 19 ዓመት ሰርቻለሁ ሶስት ከተማ ላይ። በአንዲት እናት ዙሪያ 11 ተማሪ ቆመው ቆጥሬያለሁ፣ ከተለያየ ኮሌጅ፣ የጋውናቸው ደረት ላይ ያለው ጽሁፍ እንኳ የተለያየ ነው። እናትየዋ ተገልጣ ተኝታለች፣ ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም። እንዲህ ባለበት ዋርድ ፕሪሴፕተሩን ጥያቄ አጠያየቅ ብታሰለጥኑት ምን ይረባል? ኮሌጁ ደብዳቤ ይልካል ተማሪ ይልካል፣ ኢንስትራክተሩ ብዙ ግዜ በሮቴሽኑ መጀመሪያና መጨረሻ ነው የሚታየው፣ ሸክሙ ነርሷና ሚድዋይፏ ላይ ይቀራል፣ በሽተኛም አይቀንስላቸው ክፍያም የላቸው። ከዛ ላይ ደግሞ ስልጠና። መጀመሪያ ቁጥሩ ይስተካከል፣ ማን ምን እንደሚሰራ ኮሌጁና ሆስፒታሉ በጽሁፍ ይስማሙ።

እህቴ በአንቺ ላይ አይደለም፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ግን ባልደረቦችሽ ቅዳሜያቸውን ሰጥተው መጥተው ሰኞ 11 ተማሪ ከጠበቃቸው ሁለተኛ አያምኑሽም።

ብራዘር ከአዳማ

ወንድሜ የቆየሁበት ዋርድ፣ ያልከው እውነት ነው፣ እኔ ራሴ ከኮሌጁ በኩል ስለሆንኩ ጥፋቱ እኛም ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ክፍያውን በተመለከተ መልስ የለኝም። ግን ቁጥሩ እስኪስተካከል መጠበቅ አልችልም፣ ዘንድሮ የሚመረቁት ዘንድሮ ነው የሚመረቁት።

እኛ ያደረግነው አንድ ነገር አለ። አንድ እናት ጋ ከ2 ተማሪ በላይ አይቆምም ብለን ከዋርዱ ኃላፊ ጋር ተስማማን። የቀሩት ግን ወደ ቤት አይሄዱም፣ ሁለቱ ለሌሎቹ እናቶች የፅንስ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው እየቆጠሩ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ላይ ያሰፍራሉ፣ ሁለቱ የሕፃን ማገገሚያ ጠረጴዛውን ያዘጋጃሉ፣ አምቡ ባግና (በእጅ የሚጨመቅ የአየር መስጫ) ማስኩን ይፈትሻሉ ሙቀቱን ያበራሉ፣ ሁለቱ ድህረ ወሊድ ክፍል ገብተው ጡት አያያዝ ያያሉ። በቀኑ መጨረሻ 15 ደቂቃ ሁሉም ያየውን ለሌላው ይናገራል። ፈቃድ መጠየቁን ደግሞ ለፕሪሴፕተሩ አታስቀሪው፣ ተማሪው ራሱ ስሙን ተናግሮ ተማሪ መሆኑን ተናግሮ ይጠይቅ፣ እምቢ ካለች አመስግኖ ይውጣ። እሱም ትምህርት ነው።

የሐይቅ ዳሯ ሚድዋይፍ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። አራተኛ ዓመቷ የኔ እህት፣ አምስቱን የሲዳምኛ ጥያቄ ነገ ኖቲስ ቦርድ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የዋርዳችን ጽዳት ሰራተኛ ሲዳማ ናት እሷ ታስተካክልልኛለች። ወንድሜ የቆየሁበት ዋርድ ስላልከው ዛሬ ኃላፊዬን አናገርኳት፣ ከ2 በላይ አይቆምም የሚለውን ተቀብላለች፣ ከኮሌጆቹ ጋር መጻጻፉ ግዜ ይወስዳል አለች።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ የእጅ ስራ ነው፣ በጥያቄ የሚሆን አይመስለኝም፣ ለምሳሌ ያልተነፈሰ ሕፃን ማስተንፈስ እንዴት ነው የሚያስተምሩት? ሁለተኛው ፊርማው። የመጨረሻ ቀን "ሲስተር ፈርሚልኝ ነገ ወደ ቤት ልሄድ ነው" ሲሉኝ አንጀቴ አይችልም።

አራስ ክፍል

የእጅ ስራውን እኔ ልመልስ፣ ኒኩ (የታመሙ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል) ነው የምሰራው። ሕፃናትን እንዲተነፍሱ መርዳት የሚለውን ስልጠና ወስጄ ከዛ አሰልጣኝ ሆኜ ነበር።

እኔ የምጠቀመው ፔይተን የሚባል የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም በ1998 እንደ ፈረንጆቹ የጻፈውን አራት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በራስሽ ፍጥነት ምንም ሳታወሪ ትሰሪዋለሽ፣ ተማሪው ያያል ብቻ። ዝምታው ለምን ይጠቅማል ብትይ፣ ሙሉው ስራ ምን እንደሚመስል አንዴ በዓይኑ ይገባዋል፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ያያል። ሁለተኛ ቀስ ብለሽ እያብራራሽ ትሰሪያለሽ፣ ለምን እንደሆነም ትነግሪያለሽ። ሶስተኛ፣ ይሄ ነው ዋናው፣ ተማሪው እየተናገረ አንቺ ትሰሪያለሽ፣ ያላለሽን አትሰሪም። አራተኛ እሱ ራሱ እየተናገረ ይሰራል።

ሶስተኛውን ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው። ማስክ አስቀምጪ ይለኛል ተማሪው፣ እኔ ዓይኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ ኒዮናታሊዋ (የመለማመጃ አሻንጉሊቷ) ላይ። "አይ ዓይኑን አይሸፍንም" ይላል፣ "እና የት?" "አገጭ አፍና አፍንጫ"። ጭመቂ ይለኛል፣ እጨምቃለሁ፣ ደረቷ አይነሳም። "ለምን አልተነሳም?" እዚጋ ያስባል፣ አንገቱን አላስተካከልሽም ይላል ወይም አየር እየወጣ ነው ይላል። ጥያቄ አይሆንም ያልሽው የእጅ ስራ ላይም ይሆናል ማለት ነው። ከዛ ጭመቅ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ ጭመቅ፣ ሁለት፣ ሶስት እያሉ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ በደቂቃ 40 አካባቢ ይመጣል። ሕፃን ካልተነፈሰ በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ አየር መግባት ስላለበት ሰዓት ይዤ ነው የማሰራቸው፣ ማድረቅ ማሸት አየር መንገድ ማጽዳት ካስፈለገ፣ ከዛ ማስኩ፣ 60 ሰከንድ ሳይሞላ። የመጀመሪያ ግዜ ከሞከሩት ብዙዎቹ ያልፋቸዋል፣ ማንንም አልቆጣም፣ ድገመው ብቻ ነው የምለው፣ በሕፃን ላይ ከሚያልፋቸው አሻንጉሊት ላይ ይለፋቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ኒዮናታሊው ስቶር ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥ። ብዙ ቦታ አይቻለሁ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት፣ እንዳይበላሽ ተብሎ። ነርስ ስቴሽን ላይ ይቀመጥ፣ ዋርዱ ቀዝቀዝ ሲል ተማሪው በራሱ አንስቶ ይጨምቅ።

ብራዘር ከአዳማ

አራስ ክፍል ያለችው ላይ ምንም አልጨምርም። ስለ ፊርማው ግን ልናገር፣ ምክንያቱም የመውጫ ፈተና በኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ መጣ ብለን ብዙዎቻችን ፈተናው ይለያቸዋል እያልን እጃችንን ሰብስበናል። እሱ ኮምፒውተር ላይ የሚመረጥ ጥያቄ ነው፣ አምፑል መስበር አይፈትንም። እጁን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አንቺ ጋ ያለው ሎግቡክ አንድ የፊርማ ቦታ ብቻ ካለው ሶስት ፊደል ጨምሪበት፣ አየ፣ በእርዳታ ሰራ፣ ብቻውን ሰራ። አ፣ እ፣ ብ። ያየውን ያየ ብለሽ ስትፈርሚ ውሸት አይደለም፣ ተማሪውም አያፍርም፣ የሚቀጥለው ፕሪሴፕተር ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። አንጀትሽ እንዳይጨነቅ ከፈለግሽ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ፣ ሮቴሽኑ አጋማሽ ላይ እያንዳንዱን ተማሪ 10 ደቂቃ ለብቻ አስቀምጠሽ ይሄ ይሄ ብ ላይ ደርሷል፣ ይሄ ገና አ ላይ ነው፣ በቀሩት ሁለት ሳምንታት ይሄን እናድርግ በይው። የመጨረሻ ቀን ጎድሎሃል ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ተማሪው ከሁሉም በኋላ ካልደረሰ አትፈርሚ። ለብቻሽ ደግሞ አትሸከሚው፣ ለኮሌጁ ኢንስትራክተር በአጋማሹ ላይ አሳውቂ፣ ስልክ ደውዪ። እኔ እንዲህ ተደውሎልኝ አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ጨምሮ ሰርቷል፣ ሲጨርስ አመሰገነኝ እንጂ አልጠላኝም።

አራተኛ ዓመቷ

አ እ ብ የሚለው በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ሎግቡክ ላይ ብቻዬን ሰራሁ ተብሎ የተፈረመልኝ ግን ያየሁት ብቻ የሆነ አለ፣ አራት ቦታ። አሁን ኤፒዚዮቶሚ (ለወሊድ የሚቀደደው) ስፌት ብቻሽን ስሪ ብባል አልችልም። ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

የሐይቅ ዳሯ ሚድዋይፍ

የኔ እህት ሎግቡክሽን ይዘሽ ለአሁኑ ፕሪሴፕተርሽ ንገሪያት፣ እንዳትፈሪ። ካፈርሽ ደግሞ እኔ ባለሁበት ዋርድ ከደረስሽ ፈልጊኝ፣ አራቱንም ከአ እንጀምራቸዋለን።

ይሄን ፖስት ከጻፍኩ ሶስት ሳምንት ሆኖታል፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ አለፈ። ከ9ኙ 7ቱ መጡ፣ ሁለቱ ዲውቲ ላይ ነበሩ። ብራዘር እንዳለው ሶስት ሶስት አድርጌ አስቀመጥኳቸው፣ ሰባት ስለሆኑ አንዱ ቡድን ላይ ሁለት ሰው ቆጠረ። መሀላችን አንዲት ትልቅ ሲስተር አለች፣ እኔን ራሴን ያስተማረችኝ ናት፣ እሷን አሰለጥናለሁ ብዬ ሳስብ ሌሊቱን አልተኛሁም። ፕሪሴፕተር ሆና ተቀመጠች፣ ተማሪ የሆነችው ልጅ ስለ ደም መፍሰስ ኬዝ አቀረበችላት። "ምን ይመስልሻል?" አለቻት። ልጅቷ ዝም። ሲስተርም ዝም። እኔ አፌ ላይ መልሱ መጥቶ ነበር ልናገር ስል ሲስተር እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ ሳታነሳ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ልጅቷ "ማህፀኗ ያልተኮማተረ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ እሱን እዳስሳለሁ" አለች። ስንጨርስ ሲስተር "20 ዓመት ስናገር ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ነው አንድ ተማሪ ስታስብ ያየሁት" አለችን። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም ለትንሽ ግዜ።

ሰኞ ዋርድ ላይ ሄጄ አየኋት፣ 10 ደቂቃ። ስማቸውን እየጠራች ነበር። አንዱን ተማሪ እናትየዋ ፊት ልታርመው ስትል ቆም አለችና ከመጋረጃው ውጭ ይዛው ወጣች። ሁለቱ ሌሎች ባልደረቦቼ ግን ያው እንደድሮው ናቸው፣ ተማሪው ሳይጨርስ ይመልሳሉ፣ ነገ አብሬያቸው እቆማለሁ። ከኮሌጆቹ አንዱ መልስ ሰጥቷል አንዱ አልሰጠም። ትላንት ደግሞ ተማሪ በዝቶብን ሁለት የሚለውን ሕግ መጠበቅ አልቻልንም፣ አራት ቆሙ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የእጅ ስራው ነው። አራስ ክፍል ያልሽው እኛም ጋ ደርሷል፣ ጠይቄ አገኘሁት፣ ኒዮናታሊያችን ስቶር ውስጥ ናት፣ ካርቶኑ አልተከፈተም። ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ይገባል አሉኝ፣ ሄጄ ፈርሜ አወጣታለሁ።